ስዊድንና ፊንላንድ ውስጥ አሜሪካን ፉትቦል ማን ነው ያስጀመረው?

ኳስ_ወዳዱ፦
ሰላም ጓዶች፣ ሰሞኑን የድሮ ጨዋታ ሳገላብጥ አንድ ነገር ገረመኝ። በፈረንጆቹ 1988 ኦገስት ላይ ቺካጎ ቤርስና ሚኒሶታ ቫይኪንግስ ስዊድን ሄደው ጎተንበርግ ኡሌቪ ስታዲየም ተጫውተዋል፣ ቫይኪንግስ 28 ለ 21 አሸነፉ። ያው ቫይኪንግ የሚባል ቲም እዛ መላክ በራሱ ቀልድ ነው 😂 ጥያቄዬ ግን፣ ስፖርቱን እዛ ያስጀመረው ይሄ ጨዋታ ነው? ኤንኤፍኤል (የአሜሪካኖቹ ትልቁ የፉትቦል ሊግ) ነው ያመጣላቸው ማለት ነው ወይስ ከዛ በፊትም ነበር?

ያርድ_ቆጣሪ፦
ኧረ በፊትም ነበር ወንድሜ። ስቶክሆልም ሚን ማሽንስ የሚባለው ክለብ በ1982 ነው የተቋቋመው፣ ፌዴሬሽናቸው በ1984፣ የመጀመሪያው የስዊድን ሻምፒዮና ደግሞ በ1985። ስለዚህ ኤንኤፍኤል ሲመጣ ሰዎቹ ሄልሜት አድርገው መጋጨት ከጀመሩ ቆይተዋል። ጨዋታው ለማስታወቂያ ጠቅሟል እንበል እንጂ መነሻው እሱ አይደለም።

ሌላ የሚገርምህ፣ ክለብ ሳይኖራቸው በፊት ኳስ በእግር መቺ ኤክስፖርት ያደርጉ ነበር 😄 ኦቬ ዮሃንሰን የሚባል ስዊድናዊ በ1976 አሜሪካ ውስጥ ለአቢሊን ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት ከ69 ያርድ (63 ሜትር አካባቢ) ፊልድ ጎል (ኳሱን በእግር መትቶ በቋሚዎቹ መሃል ማሳለፍ) አገባ። የኖርዌዩ ያን ስቴነሩድ ደግሞ ሞንታና የሄደው በበረዶ ሸርተቴ ዝላይ ስኮላርሺፕ ነው እኮ፣ መጨረሻው ግን የካንሳስ ሲቲ ፉትቦል ቲም ሆነና በ1970 ሱፐር ቦውል (የአሜሪካ የዋንጫ ፍጻሜ) ላይ የ48 ያርድ ጎል አስቆጠረ። ዝናቸው አገራቸው ውስጥ ሊጉ ሳይኖር አሜሪካ ደረሰ ማለት ነው።

የክረምት_ሰው፦
ስዊድንን ተዉዋት፣ የዚህ ታሪክ ባለቤት ፊንላንድ ናት (አዎ አውቃለሁ፣ ስካንዲኔቪያ አይደለችም ኖርዲክ ነው የምትሉኝ፣ ይለፈኝ)። እነሱ ፌዴሬሽኑን በ1979 አቋቁመው በ1980 ሊግ ጀመሩ፣ ቫህቴራሊጋ ይሉታል፣ የሜፕል ሊግ እንደማለት ነው። ጀርመን ጋ የአሜሪካ ጦር ሰፈር ስለነበር ጨዋታውን በየሜዳው ያዩት ነበር፣ ፊንላንድ ግን እንኳን ጦር ሰፈር የኔቶ አባልም አልነበረችም፣ ጎረቤቷም ሶቭየት ህብረት ነበረች፣ እና እንደዛም ሆና በ1985 የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነች፣ በ1986 የመጀመሪያውን ዩሮቦውል (የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ) ደግሞ ታፍት የሚባለው የቫንታ ክለብ የጣልያኑን ቦሎኛ ዳቭስ 20 ለ 16 አሸንፎ ወሰደው። ከዜሮ ተነስቶ በ6 ዓመት! በ1988 ደግሞ ሄልሲንኪ ሩስተርስ ደገመው።

ኳስ_ወዳዱ፦
ቆይ ቆይ፣ ፊንላንድ በረዶ አይደለች እንዴ፣ በየትኛው ሳር ነው የሚጫወቱት?

የክረምት_ሰው፦
😂 በበጋ ነዋ። አሜሪካኖቹ ከመስከረም ጀምረው ብርድ ውስጥ ሲገቡ እነሱ በዛን ሰዓት ሲዝናቸውን እየጨረሱ ነው፣ በግንቦትና ሰኔ አካባቢ ይጀምራሉ። አመሻሽ ላይ እንኳን ብርሃን አለ።

ያርድ_ቆጣሪ፦
እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ፊንላንዶች ቤዝቦልን ሲወስዱ እንዳለ አልተቀበሉትም፣ ላውሪ ፒህካላ የሚባል ሰው በ1920ዎቹ አፍርሶ ሰራውና ፔሳፓሎ የሚባል የራሳቸው ጨዋታ ሆነ፣ ኳሱ ወደ ላይ ተወርውሮ ነው የሚመታው። ፉትቦሉን ግን ከነፓዱ ከነህጉ ወሰዱት፣ ስሙን ብቻ ነው የቀየሩት፣ ዬንኪፉቲስ ይሉታል፣ የያንኪ ኳስ በለው። እኔ እንደሚመስለኝ ለፍጥነታቸው ያገዛቸው እሱ ነው፣ ህግ ሲቀይሩ አልቆዩም፣ ገና ሳይጠነክሩ ከጣልያን ምናምን ጋር መጫወት ቻሉ።

ኳስ_ወዳዱ፦
በጣም አመሰግናለሁ ሁለታችሁም። የፔሳፓሎውን ቪዲዮ አሁን ከፍቼ አየሁት፣ ሯጩ በየት በኩል እንደሚሮጥ እስካሁን አልገባኝም 😅

የክረምት_ሰው፦
ዚግዛግ ነው፣ መጀመሪያ ወደ ግራ።