ክርክር፦ ለጎንደር ዙሪያ ገጠር ኤ ኤም ወይስ ኤፍ ኤም?

አወያይ፦ ገንዘብ ቢገኝ አንድ ትልቅ የኤ ኤም ማሰራጫ ይተከል ወይስ ትናንሽ የኤፍ ኤም ማሰራጫዎች ይብዙ?

የዳባቱ መምህር፦ ኤ ኤም! የኤፍ ኤም ሞገድ ተራራ ከጋረደው አበቃለት። የጃናሞራን ገደል ያየ ሰው ይህን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያሻውም፤ ጎንደር ጎሃ ኮረብታ ላይ የቆመ አንቴና ለዚያ መንደር ምኑ ነው? የኤ ኤም ጣቢያ የሚሰራጭበት መካከለኛ ሞገድ ግን መሬቱን ታክኮ ይሄዳል። አባቴ ጥልፍ ባለበሰው ራዲዮ ብስራተ ወንጌል የተባለውን ጣቢያ ያዳምጥ የነበረው በዚሁ በኤ ኤም ነው።

የአዘዞው ራዲዮ ጠጋኝ፦ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አባትዎ የሰሙት አጭር ሞገድ ነው። ብስራተ ወንጌል በ1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር ሁለት ባለ 100 ኪሎ ዋት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ነበሩት። ድምፁ ሰማይ ነጥሮ ነው ጎንደር የሚወርደው። (ኤ ኤም በትክክል ስናየው ድምፅን በሞገድ ላይ የመጫኛ ስልት ነው፤ አጭር ሞገድም የሚሠራው በዚሁ ስልት ስለሆነ ስህተትዎ ግማሽ ነው።) ወጪውንስ አስበውታል? በ800 ኪሎ ኸርትዝ ለሚሠራ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ የሞገዱ ርዝመት 375 ሜትር ነው፤ ሩቡን ያህል ምሰሶ ቢያቆሙ 94 ሜትር ብረት ነው። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩን ማን ነዳጅ ያጠጣዋል?

የማራኪዋ ተማሪ፦ የእኔም የጓደኞቼም ስልክ ኤ ኤም አይቀበልም። ለማን ነው የሚተከለው?

የዳባቱ መምህር፦ እርማቱን ተቀብያለሁ። አባቴ «ኤ ኤም» ብሎ አያውቅም፤ የለጠፍሁበት እኔ ነኝ። አንቺ ግን ልጄ፣ ስልክሽ ኤፍ ኤም የሚይዘው የጆሮ ማዳመጫው ሽቦ አንቴና ሆኖለት ነው፤ ገደል ውስጥ ሽቦውም አያድንሽም። የምናወራው እንቁላል ሸጦ የራዲዮ ድንጋይ ስለሚገዛ፣ ሲደክምበትም ፀሐይ ላይ አስጥቶ አንድ ቀን ስለሚያስጨምረው ሰው ነው።

የአራዳው ነጋዴ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አንድ ትልቅ ማሰራጫ በአንድ ትእዛዝ ይወሰዳል። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ብስራተ ወንጌልን ወርሶ «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» አደረገው። አሥር ትናንሽ ጣቢያ መውረስ ቢያንስ ያደክማል።

የአዘዞው ራዲዮ ጠጋኝ፦ እሱም አለ። ደግሞም መካከለኛ ሞገድ ማታ ከሩቅ አገር ይመጣል፤ የዐረብኛው ጣቢያ በአማርኛው ላይ ይደርብበታል። ገበሬው ራዲዮ የሚከፍተው መቼ ሆነና?

የዳባቱ መምህር፦ ቡና ሲፈላም ይከፍታል። ያኔ ፀሐይ ወጥታለች።