የልጄን የእግር አሻራ የት ላሠራ? መሃል አዲስ አበባ ላላችሁ ወላጆች ጥቆማ

ሰሞኑን ሁለት አራስ ጓደኞቼ ይህንኑ ጠየቁኝ። አንዷ ወንድ ነው የወለደችው፤ ከ40 ቀን ክርስትናው በፊት ማስቀመጥ ፈልጋለች። ሁለት ልጆቼ ላይ ሞክሬዋለሁና ያየሁትን ልንገራችሁ።

ለአራስ ከእጅ ይልቅ እግር ይቀላል። ሕፃን መዳፉን ሲነኩት ጭብጥ ያደርጋል፤ እስከ 5 ወይም 6 ወሩ ድረስ ጣቶቹን ዘርግቶ ማስያዝ ትግል ነው። ቀለም የነካ እጁንም ወዲያው አፉ ውስጥ ይከታል። ስለዚህ የመጀመሪያ ምርጫዬ እግር በወረቀት ላይ ነው። አራት ኪሎና ሜክሲኮ ያሉ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች ውስጥ ስታምፕ ፓድ (ቀለም የተነከረ የማህተም ስፖንጅ) አይጠፋም። በውሃ የሚለቅና ለልጆች የሚሆን መሆኑን ግን ጠይቁ፤ ለቢሮ ማህተም የሚሆነውን ተዉት። ወፍራም የሥዕል ወረቀትም ግዙ።

ጠብቶ እንቅልፍ ሲወስደው ጀምሩ። ወረቀቱን ጠንካራ መጽሐፍ ላይ አድርጉና ወደ እግሩ አምጡት፤ እግሩን ወደ ወረቀቱ አትጎትቱ። ከተረከዝ ወደ ጣት ቀስ ብሎ መጫን ነው። ቀለሙ ሳሳ ሲል የቆዳው መስመር ሁሉ ይወጣል፤ ሲበዛ ግን ጥቁር እድፍ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የታናሹን አምስት ጊዜ ሞክሬ አራተኛው ነው ያማረልኝ።

የፉርኖ ዱቄትና የጨው ሊጥስ? ርካሽ ነው፤ 2 ኩባያ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ጨው፣ 1 ኩባያ ውሃ። የትልቋን በሰኔ ሠርቼ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ጨው እርጥበት ይስባል። መስከረም ላይ ሳወርደው ጀርባው ረጥቦ ሻግቷል፤ የትንሿ ጣት ቅርጽም ተቀርፎ ወድቋል። በጣም አለቀስኩ። ሊጥ ከፈለጋችሁ በበጋ ሥሩት፤ በደንብ አድርቃችሁም ቫርኒሽ ቀቡት።

ሙሉ ቅርጽ ለምትፈልጉ አልጂኔት አለ። የጥርስ ሐኪም የጥርስ ልክ የሚወስድበት ዱቄት ነው፤ የጥርስ ሕክምና ዕቃ አቅራቢዎች ጋ ጠይቁ። በውሃ ተበጥብጦ የልጁ እጅ ሲገባበት በጥቂት ደቂቃ ይረጋል። እጁ ሲወጣ በቀረው ጉድጓድ ውስጥ ጄሶ ይፈስሳል። አልጂኔት ሲደርቅ ስለሚኮማተር ጄሶው ለነገ አይባልም። እዚያው ለጥርስ ሥራ የሚሆን ጄሶ ካገኛችሁ ከሕንፃ መሣሪያ መደብሩ ይልቅ የላመ ነው፤ የጥፍሯን ጠርዝ ሳይቀር ያወጣል። አንድ ነገር አደራ፦ የልጁን እጅ በቀጥታ ጄሶ ውስጥ እንዳትከቱ። ጄሶ ሲጠነክር ይሞቃል፤ ቆዳ ያቃጥላል።

ፎቶ ቤት ለማሠራት ካሰባችሁ፣ ልጁ ከተኛ ነው ወይስ ነቅቶ እያለ ነው የምትሠሩት ብላችሁ ጠይቁ። እኔ የሄድኩበት አንድ ቤት የሚያለቅስ ልጅ እጅ ጨምቆ ይዞ ነበር የሚሠራው፤ ልጄን ታቅፌ ወጣሁ።

ፍሬም ስታሠሩ በመስታወቱና በወረቀቱ መካከል ክፍተት እንዲተዉ ንገሯቸው፤ ከመስታወት ጋር የተጣበቀ ቀለም በክረምት ይላጣል። ዋናውን ላሚኔት አታድርጉት። ስካን አስደርጋችሁ ኮፒውን ለአያቶች ስጡ፤ ዋናውን ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ላይ ስቀሉ። ከስካኑ ላይ ትንሽዬ እግር ለአንገት ሐብል ማስቀረጽ ከፈለጋችሁ ፒያሳ ወርቅ ቤቶች ጋ ጠይቁ። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ብዙ ሱቆች ስለተነሱ ግን መጀመሪያ ደውሉ።

ወረቀቱ ጀርባ ላይ ስሙንና ቀኑን በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ያልፋል። እኔ የታናሹ ላይ ኪሎውንም ጨመርኩበት፤ 4 ኪሎ ከ200 ግራም።