ዱአትሎን በዝናብ፦ ጎማው ስንት ይነፋ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እሁድ የዱአትሎን ውድድር አለብኝ፤ በተከታታይ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ 20 ብስክሌት፣ 2.5 ሩጫ ነው። ትንበያው ዝናብና 9 ዲግሪ ነው። ጎማዬ 25 ሚሊ ሜትር፣ ፍሬኔ ቸርኬ የሚይዝ፣ ክብደቴ 70 ኪሎ። ስንት ልንፋው? እጄንስ ከብርድ በምን ላድነው?

መልስ 1፦ በደረቅ 85 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ) የምትነፋ ከሆነ ወደ 75 አውርደው። ከዚያ በታች ግን ጉድጓድ ስትመታ የውስጡ ጎማ በቸርኬው ሊቆረጥ ይችላል። ዋናው ፍሬኑ ነው፤ እርጥብ ቸርኬ መጀመሪያ ላይ አይዝም። ስለዚህ ከኩርባው በጣም ቀድመህ ለስለስ አድርገህ ነካ ነካ አድርግ፣ ውሃው ይጠረግ፣ ከዚያ ያዝ። ኩርባው ውስጥ ፍሬን አትንካ፤ የውጭውን ፔዳል ወደ ታች አድርገህ ክብደትህን እሱ ላይ ጣል። ዜብራና የቱቦ ክዳን ላይ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ይለፍ።

መልስ 2፦ እጅ ሲደነዝዝ የሄልሜት ማሰሪያ አይዘጋም፤ ሳይታሰር ብስክሌቱን ከሩጫ ወደ ብስክሌት መቀየሪያው ቦታ ካለው መስቀያ ማንሳት ደግሞ ያስቀጣል። ስስ ጓንት ከመጀመሪያው ሩጫ ጀምሮ አድርግ። የሁለተኛውን ሩጫ ጫማ በፌስታል ቋጥረህ አስቀምጥ፣ ክሩን በላስቲክ ቀይረው፣ ተረከዙን ቫዝሊን ቀባው።

መልስ 3፦ ካቴናውን አትርሳ። ለዝናብ የሚሆነውን ዘይት ማታውኑ ቀብተህ ትርፉን በጨርቅ ጥረግ። ጠዋት ከተቀባ ቸርኬው ላይ ሊረጭና ፍሬን ሊያሳጣህ ይችላል።