ብዙ ዒላማዎችን በአንድ ጊዜ ለመከታተል ትይዩ ፕሮሰሰሮች ይበጃሉን?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ጎንደር ፒያሳ ላይ የሚተላለፉትን ባጃጆች ከቪዲዮ እየለየ የሚከታተል ፕሮግራም እየሠራሁ ነው። ለእያንዳንዱ ባጃጅ የካልማን ማጣሪያ (ካለፉት ምልከታዎች ተነሥቶ ባጃጁ የት እንደሚሆን የሚገምት ስሌት) መድቤያለሁ፤ ባጃጆቹ ሲበዙ ግን ፕሮግራሙ ከቪዲዮው ወደ ኋላ ይቀራል። ሥራውን ለብዙ ፕሮሰሰሮች ባከፋፍለው ይፈታልኛልን?

መልስ 1፦ ማጣሪያዎቹ አንዱ የሌላውን ውጤት ስለማይጠብቁ በቀላሉ ይከፋፈላሉ። አስቸጋሪው የትኛው ምልከታ (በቪዲዮው ላይ የታየ ቦታ) የየትኛው ባጃጅ እንደሆነ መወሰኑ ነው፤ ለዚህ የተለመደው፣ በጥቅሉ ከሁሉ የሚሻለውን ድልድል የሚያገኘው የሃንጋሪ ስልት፣ የዒላማው ቁጥር እጥፍ ሲሆን ጊዜው እስከ 8 እጥፍ ሊያድግበት ይችላል። በአምዳል ሕግ መሠረትም ከሥራው 10 በመቶው የማይከፋፈል ከሆነ፣ ሺህ ፕሮሰሰር ቢደረደር ፍጥነቱ ከ10 እጥፍ አያልፍም።

መልስ 2፦ ለዚሁ ድልድል ተመራማሪው በርትሴካስ በ1979 ያቀረበውን የጨረታ ስልት ይመልከቱ፤ እያንዳንዱ ዱካ (የአንድ ባጃጅ የእስካሁን ጉዞ) ለሚፈልገው ምልከታ ዋጋ እያቀረበ ስለሚጫረት፣ ስሌቱ ለየፕሮሰሰሩ ሊታደል ይችላል። እኔ ግን ፕሮሰሰር ከመጨመር በፊት ከዱካው ትንበያ እጅግ የራቁትን ምልከታዎች ማስወገድን እመርጣለሁ፤ ያን ጊዜ ትልቁ ችግር እርስ በርስ ወደማይነካኩ ትናንሽ ችግሮች ይበታተናል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። በጥምቀት ሰሞን መንገዱ ሲጨናነቅስ?

መልስ 2፦ ያኔ ትናንሾቹ ችግሮች ተመልሰው ስለሚገጣጠሙ የጨረታው ስልት የሚያስፈልግዎት በዚያ ነው።