ኤላት ላይ ዛጎል የሌላቸውን የባሕር ቀንድ አውጣዎች ፈልጎ መመዝገብ

ቢኒ_ውሃ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቀይ ባሕር ዳር ባለችው የእስራኤል ከተማ ኤላት ላይ ከ8 እስከ 15 ሜትር እየጠለቅኩ ኑዲብራንች፣ ማለትም ዛጎል የሌላቸውን የባሕር ቀንድ አውጣዎች፣ እፈልጋለሁ። በአንድ ጠለቃ አንድ ባገኝ ነው። ያንንም በፎቶው ዝርያውን የሚለይልኝ የለም። ካሜራዬ ኦሊምፐስ ቲጂ-6 ነው። ምን ላስተካክል?

ቀዩ_ስፖንጅ፦ እንስሳውን ሳይሆን የሚበላውን ፈልግ። ጥቁርና ሰማያዊ መስመር፣ ብርቱካናማ ጠርዝ ያለው ክሮሞዶሪስ ኳድሪኮለር የሚበላው ኔጎምባታ ማግኒፊካ የተባለውን ቀይ ስፖንጅ (ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ) ነው፤ ስፖንጁን ካየህ ዙሪያውን ሳትፈትሽ አትለፍ። ጀርባቸው በጣት መሳይ ነገር የተሞላው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሃይድሮይድ (ቁጥቋጦ የሚመስል ተናዳፊ የባሕር እንስሳ) ላይ ናቸው። የሃይድሮይዱን መናደፊያ ሕዋስ ውጠው ለራሳቸው መከላከያ ያደርጉታል (በእጅ አትንካቸው፣ ሃይድሮይዱንም)። ተጠቅልሎ የተለጠፈ ጥብጣብ ካየህ እንቁላል ነው፤ ባለቤቱ ሩቅ ላይሆን ይችላል። ቀይ ጽጌረዳ የመሰለው ትልቁ ጥብጣብ ሄክሳብራንከስ የሚባለው ትልቅ ኑዲብራንች ነው የሚጥለው፣ እሱን ግን ማታ ፈልገው። ብዙዎቹ ከ3 ሴንቲሜትር ስለማይበልጡ፣ 2 ሜትር በ2 ሜትር የምታህል ቦታ ላይ 10 ደቂቃ ብትቆይ የኮራሉን ሪፍ ሙሉ ከመዞር ይሻላል።

ማክሮ_ባትሪ፦ ፎቶው የማይለየው ባብዛኛው ቀንዶቹና ስንጥቡ (ጀርባው ላይ ያለው መተንፈሻው) ስለማይታዩ ነው። አሸዋ ካስነሳህ ወይም ውሃውን ከገፋህበት ሁለቱንም ወደ ውስጥ ይሰበስባል። ባለህበት ቆይ፣ ሲያወጣቸው አንሳ፦ ከላይ ሙሉ ሰውነቱን፣ ከጎን፣ ከፊት ቀንዶቹን፣ በመጨረሻም የተቀመጠበትን ነገር ጨምረህ። ሚሊሜትር ያለው ማስመሪያ ሳታስነካው አጠገቡ ያዝ። ቲጂ በማይክሮስኮፕ ሁነታ እስከ 1 ሴንቲሜትር ይጠጋል፤ ያን ያህል ስትጠጋ ግን የራሱ የካሜራው ጥላ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ባትሪውን ከጎን አብራ። ያለ ብርሃን ቀዩ ቀለም በ10 ሜትር ላይ ስለሚጠፋ ፎቶው ለመለያ አይረባም።

ሰዓት_አስተካክል፦ ከመጥለቅህ በፊት የካሜራውን ሰዓት ከዳይቭ ኮምፒውተሩ (ጥልቀትና ሰዓት ከሚመዘግበው የጠላቂ መሣሪያ) ጋር በደቂቃ አስተካክል፤ በኋላ የየፎቶውን ጥልቀት ከዚያ ታወጣለህ። የውሃውን ሙቀት፣ ብዛታቸውን፣ እንቁላል መኖሩንና ስንት ደቂቃ እንደፈለግህ ጻፍ። ምንም ያላገኘህበትንም ቀን መዝግብ፣ አለበለዚያ የሁለት ወር ቁጥር ማወዳደር አይቻልም። ፎቶውን አይናቹራሊስት (ሰዎች ያዩትን እንስሳና ተክል የሚመዘግቡበት ድረ ገጽ) ላይ ስትጭን ዝርያውን ካልተማመንክበት በወገኑ (ጂነስ) ስም ብቻ ተው፤ የተሳሳተ ስም ከጎደለ ስም ይብሳል።

አሸዋው የሚነሳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለመስመጥ የምትታጠቀው ክብደት ስለሚበዛ ነው፦ እግር ወደ ታች ይወርድና ፊንሱ (የእግር መቅዘፊያው) ይጠርገዋል። 1 ኪሎ ቀንስና የአየር ሲሊንደርህ ግፊት ወርዶ 50 ባር ሲደርስ 5 ሜትር ላይ ሳትንሳፈፍ 3 ደቂቃ መቆም መቻልህን ሞክር። ካሜራ ላይ ዓይኑን የተከለ ሰው የአየር መለኪያውን ይረሳል፣ በየ5 ደቂቃው እየው።