ለፋብሪካ ማሽን የሴንሰርና የኢንቨርተር ገመድ፦ ከመርካቶ ወይስ ከዱባይ? (ጥቆማ)

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። ዱከም ባለ የፕላስቲክ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ነው የምሠራው። ከማሽኑ እስከ መቆጣጠሪያ ፓነሉ 40 ሜትር ገደማ ነው። የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ኢንቨርተር ሲነሳ የሙቀት ንባቡ ይዘላል፣ በመሣሪያዎቹ መካከል መረጃ የሚያመላልሰው የአርኤስ 485 መስመርም ይቆራረጣል። ገመዱን በሙሉ ልቀይር ነው። ከመርካቶ ልግዛ? የኔትወርክ ኬብል ይበቃል? ወይስ ከዱባይ ላስመጣ? የሚዘረጋልኝን ሰውስ እንዴት ልምረጥ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁሉንም ከአንድ ቦታ አትግዛ። ሦስቱ መስመሮች የሚፈልጉት ገመድ ለየቅል ነው።

ከሙቀቱ ልጀምር። ሴንሰርህ ኬ ዓይነት ቴርሞካፕል (ሙቀትን ወደ ትንሽ ቮልቴጅ የሚለውጥ) ከሆነ ለአንድ ዲግሪ የሚሰጥህ 0.04 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ግማሽ ሚሊቮልት ረብሻ ከገባበት ንባቡ ከ10 ዲግሪ በላይ ይዘላል። ተራ የመዳብ ሽቦ አትቀጥልበት። የራሱ የኬ ገመድ አለው፤ ሽልድ (ረብሻ የሚከላከል የብረት መጠቅለያ) ያለውን ጠይቅ። የአውሮፓው አረንጓዴ ነው፣ ነጩ ሽቦ ኔጌቲቭ። የአሜሪካው ቢጫ ነው፣ ኔጌቲቩ ደግሞ ቀዩ! ቀይ ስላየ ብቻ ፖዘቲቭ ላይ የሚያስር ባለሙያ ስንቱን አይቻለሁ። ይህን ገመድ ከዱባይ የሚያመጣልህ ሰው ካለ እሱን ላከው።

ለአርኤስ 485 የቤልደን ኩባንያ 9841 ገመድ ወደር የለውም። የተጠማዘዘ ጥንድ ሽቦ ነው፣ ኢምፒዳንሱ (ለሲግናል የሚያሳየው ተቃውሞ) 120 ኦም፣ ለሽልድ ፎይልም (ስስ የብረት ወረቀት) ጥልፍም (የተጠላለፈ ቀጭን ሽቦ) አለው። በመስመሩ ሁለት ጫፍ 120 ኦም ሬዚስተር ማሰር አትርሳ።

ከኢንቨርተር ወደ ሞተር ለሚሄደው የላፕ ኩባንያን ገመድ፣ ኦልፍሌክስ 110 ሲዋይ፣ እወዳለሁ። "ሲ" የምትለዋ ፊደል የመዳብ ጥልፍ እንዳለው ነው የምትነግርህ።

መርካቶ ያለው ሁሉ መናኛ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ባለሱቁን ስንዝር ያህል አስቆርጠውና ላዩን ግፈፍ። ጥልፉ ጥቅጥቅ ብሎ የውስጥ ሽቦዎቹን ቀለም ከሸፈነ ደህና ነው። ከዚያ ሽቦውን በቢላ ፋቅ አድርገው። ላዩ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ከወጣ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው፣ ጥለኸው ውጣ። ላዩ ነጭ ሆኖ ውስጡ ቀይ ከሆነ ግን ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ነው፤ እሱን ግዛ።

አሁን ዋናው ነገር። አንድ ፋብሪካ ውስጥ እንዳንተው ዓይነት ችግር ገጥሞን ሦስት ቀን ሙሉ ሴንሰር ስንቀይር ከረምን። በመጨረሻ የፓነሉን በር ከፍቼ ገመዱን ተከተልኩት። ሽልዱ ከሽፋኑ እኩል ተቆርጦ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል። በማሽኑ በኩልም እንደዚያው። ያን የመሰለ ውድ ገመድ ከምንም ሳይታሰር ተዘርግቶ ኖሯል! በካቻቢቴና በአንድ ቁራጭ ሽቦ ፓነሉ ጋ ያለውን ጫፍ ከግራውንድ አገናኘሁት። ንባቡ ወዲያው ረጋ።

ስለዚህ የሚዘረጋልህን ሰው ከዋጋ በፊት "ሽልዱን የት ነው የምታስረው?" ብለህ ጠይቀው። የሴንሰሩን በአንድ ጫፍ፣ ፓነሉ ጋ፤ የሞተሩን በሁለቱም ጫፍ፣ ጥልፉን ዙሪያውን በሚጨብጥ ክላምፕ ካለህ ሥራውን ስጠው። "የትም ቢታሰር ያው ነው" ካለህ አመስግነህ ሸኘው። የቤት መስመር ዘርጊ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ ይሄ ግን ሌላ ሙያ ነው። ፓነል የሚገጣጥሙ ድርጅቶች ዋጋቸው ቢከብድም ለዚህ ሥራ እነሱን እመርጣለሁ።

ሌላ መልስ፦ በተባለው ላይ ልጨምር። የኔትወርክ ኬብል 100 ኦም ነው እንጂ እንደ ቤልደኑ 120 አይደለም። እዚያው ፓነሉ ውስጥ ለአጭር መስመር ሠርቶልኛል። ማሽን ላይ ግን አይሆንም፤ አብዛኛው ነጠላ ድፍን ሽቦ ስለሆነ ንዝረቱ ተርሚናሉ ሥር ይቆርጠዋል።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። ችግሩ፣ ያለኝ የገመድ መሄጃ አንድ ብቻ ነው። የሞተሩንና የሴንሰሩን አብሬ ላሳልፍ?

መልስ፦ በፍጹም። ለሴንሰሩ ሌላ መሄጃ አሠራ፣ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ራቅ አድርገህ። መሻገር ግድ የሚልበት ቦታ ካለ ቀጥ ባለ መስቀለኛ አሻግረው እንጂ ጎን ለጎን አታስኬደው። ነገ ፓነሉን ስትከፍት ደግሞ አዲስ ገመድ ከመግዛትህ በፊት የአሁኑ ሽልድ የት እንደታሰረ እየውና ጻፍልኝ።