ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው፣ አይናገርም፤ አዲስ አበባ ውስጥ የት ይሻለዋል?

ጥያቄ፦ ወንድ ልጄ የሚናገራቸው ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስሙ ሲጠራ ብዙ ጊዜ አይዞርም፤ ጫጫታ ሲበዛ ጆሮውን ይዞ ይጮኻል። አንድ ሐኪም ኦቲዝም ሊሆን ይችላል ብሎናል። የምንኖረው አየር ጤና ነው። ልዩ ማዕከል ይሻለዋል ወይስ መደበኛ ትምህርት ቤት? የግል ወይስ የመንግሥት? ለቤት የሚሆን ዕቃስ ምን ልግዛ?

የልዩ ፍላጎት መምህርት፦ እህቴ፣ ትምህርት ቤት ከመምረጥሽ በፊት ጆሮውን አስመርምሪ። ጫጫታ ካስጨነቀው ይሰማል ብለሽ አትለፊው፤ ኃይለኛ ድምፅ የሚሰማ ልጅ ንግግር ላይለይ ይችላል። ቀጥሎ የካቲት 12 ወይም ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክፍል ውሰጂው። ወረፋው ያሰለቻል። ሆኖም በጽሑፍ የሚሰጥሽ ውጤት በኋላ በርእሰ መምህሩ ቢሮ ከብዙ ልመና ይበልጣል። ጸበልም የምትወስጂው ከሆነ ውሰጂው፤ የሐኪሙን ቀጠሮ ግን አታሳልፊ።

ከማዕከላቱ ሁለቱን አስቀድማለሁ። ጆይ የኦቲዝም ማዕከል በ2002 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ በአገራችን የመጀመሪያው ነው። መሥራቿ ነፍሳቸውን ይማርና ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ራሳቸው የኦቲዝም ልጅ እናት ነበሩ። የፊደላችንን ድምፆች መሠረት ያደረገው አቡጊዳ ፎኔቲክስ የተባለው የማስተማሪያ ዘዴም የእሳቸው ነው። እንደ ልጅሽ ንግግር ላልጀመረ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከውጭ የመጣ የእንግሊዝኛ ትምህርት በአማርኛ ለሚያድግ ልጅ ብዙ አይፈይድም። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልን ደግሞ ወላጆች ናቸው ያቋቋሙት። ሁለቱም ጋ ፈላጊው ከቦታው ይበዛልና ሁለቱም ጋ አስመዝግቢው፤ ተራው እስኪደርስ ብለሽ ግን ቤት አታስቀምጪው። ዲቦራ ፋውንዴሽን ሲባልም ትሰሚያለሽ፤ እሱ የሚያተኩረው ከኦቲዝም የተለየው፣ አብሮ የሚወለደው ዳውን ሲንድሮም ላይ ነው።

አሁን ስለ መደበኛ ትምህርት ቤት። የግሎቹ ክፍል ውስጥ የተማሪው ቁጥር አነስተኛ ነው፤ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ችግሩ አንዳንዶቹ «ረዳት ራሳችሁ ቅጠሩለት» ብለው እጃቸውን ይታጠባሉ። አንድ የቀድሞ ተማሪዬን በእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ልጠይቀው ሄጄ ነበር። መጨረሻው ወንበር ላይ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ረዳቷ ከሰሌዳው ላይ በደብተሩ ትገለብጥለታለች፤ እሱ ደግሞ የእርሳስ መቅረጫውን ያሽከረክራል። ደብተሩን ያየ ሰው ጎበዝ ተማሪ ይለዋል። እናቱም በደብተሩ ደስተኛ ናቸው፤ ልጁ ግን እርሳስ አልያዘም።

እኔ ብሆን ለቤትሽ ቅርብ ከሆኑት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የልዩ ፍላጎት መምህርና የድጋፍ መስጫ ማዕከል ያለውን እመርጣለሁ፤ የትኛው እንደሆነ የክፍለ ከተማሽን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠይቂ። ክፍሉ ይጨናነቃል፣ አልደብቅሽም። ነገር ግን ጫጫታ የሚያስጨንቀውን ልጅ በሁለት ታክሲ አሳፍረሽ ከተማውን ብታሻግሪው ገና ትምህርት ሳይጀመር ይደክማል። ከመመዝገብሽ በፊት ግማሽ ቀን ክፍል ውስጥ እንድትቀመጪ ጠይቂ። የሚከለክልሽ ካለ መልሱን ሰጥቶሻል። በእረፍት ሰዓት ማን አብሮት እንደሚሆን፣ መጸዳጃ ቤት ማን እንደሚወስደው፣ ለእሱ ለብቻው የትምህርት ዕቅድ በጽሑፍ ይዘጋጅ እንደሆነ አረጋግጪ።

የንግግር ባለሙያ ካገኘሽ ልጁን ውስጥ አስገብቶ አንቺን ውጭ የሚያስቀምጠውን ተዪው። በሳምንት አንድ ጊዜም ቢሆን አንቺን የሚያሠለጥነው ይሻላል፤ ቀሪውን ቀን ከልጁ ጋር የምትውዪው አንቺ ነሽ።

ዕቃ ላይ ብዙ ገንዘብ አታጥፊ። ተዘጋጅተው የሚሸጡት የሥዕል ካርዶች ላይ በረዶና የማያውቀው ምግብ ነው ያለው። የራሱን ኩባያ፣ ጫማውን፣ እንጀራውን፣ አያቱን በስልክሽ አንሺና ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትመሽ በፕላስቲክ አስለብጪው። ውኃ ሲፈልግ የኩባያውን ካርድ ይሰጥሻል፤ ወዲያው ስጪው። «በለው እንጂ» ብለሽ ግን አታስጨንቂው። ካርድ ንግግሩን ያዘገየዋል የሚሉሽን አትስሚ። ለጫጫታው የግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉት የጆሮ መሸፈኛ በቂ ነው፤ «ለኦቲዝም» ተብሎ ከሚሸጠው ይልቅ በጣም ይረክሳል። ታብሌቱን ለጊዜው አቆዪው።

መስማት የተሳናት ልጅ አባት፦ መምህርቷ ስለ ጆሮ ያሉትን አጥብቀው ይያዙት። የመስማት ችግር ከሆነ አልፋንና መካኒሳን፣ ሁለቱን የቆዩ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤቶች፣ ሄደው ይዩ። የማዳመጫ መሣሪያ ሲገዙ ከመሣሪያው ዋጋ ባሻገር ባትሪው የት እንደሚገኝና ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ቅርጽ ማን እንደሚሠራው ይጠይቁ፤ ልጅ ሲያድግ ይጠበዋልና መቀየር አለበት። ከዚህ ጋር የምልክት ቋንቋ ለመማር መሣሪያው «ይሠራ እንደሆነ» አይጠብቁ፤ ስለ ሥልጠና የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርን ያነጋግሩ። እኛ ቤት ከአያቷ በስተቀር ሁላችንም እንችላለን፤ አያቷም ቡና ለመጠየቅ አያንሳቸውም።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጆሮ ምርመራውን አስቀድማለሁ። መምህርት፣ ግማሽ ቀን ክፍል ውስጥ ልቀመጥ ስል ልጁን ይዤው ልሂድ?

የልዩ ፍላጎት መምህርት፦ መጀመሪያ ብቻሽን ሂጂ፣ ሌላ ቀን ይዘሽው ተመለሺ። ሰልፍ ላይ ማይክሮፎኑ ስለሚጮኽ ከሰልፍ በኋላ ግቡ።